የጎረቤቴ ልጅ ባይከተብ እኔን ምን አገባኝ?

ባለፈው እትም ስለ ኩፍኝ ጥቂት ነገር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎርፎልኛል። አራዳ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነርስ ነኝና አብዛኛው ከእናቶች አፍ በየቀኑ የምሰማው ነው። ዛሬ ጥቂቶቹን እመልሳለሁ። አንዳንዱ ረዘም ይላል፤ አንዳንዱ ግን ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ሲስተር፣ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ስምንት ወሯ ነው። ሦስተኛውን ዙር ተከትባ የመጣች ዕለት ሌሊቱን ሙሉ በትኩሳት ስትቃጠል አደረች። እኔም አብሬያት ሳለቅስ አደርኩ። አሁን የዘጠኝ ወሩ ደርሷል። ባለቤቴ ‹ግቢያችን ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ተከትበዋል፣ በሽታው ከየት ይመጣባታል? ለምን እናሰቃያታለን?› ይለኛል። አሰብኩትና እውነቱን መሰለኝ። አንድ ልጅ ባትከተብ ማን ይጎዳል?» — እናት፣ ከአራት ኪሎ

እህቴ፣ እንደዚያች ዓይነት ሌሊት ያሳለፉ ብዙ እናቶች ጠዋት ዓይናቸው አብጦ እኔ ጋ ይመጣሉ። ስለዚህ አልቆጣሽም። ጭኗ ላይ የተሰጣት ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው ክትባት ትኩሳት ያመጣል፤ በአንድ በሁለት ቀን ይበርዳል። የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ሌላ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ምንም አይሆኑም። ትኩሳት የሚያገኛቸውም ያን ዕለት ሌሊት ሳይሆን ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ያኔ እንዳትደነግጪ ከአሁኑ እወቂው።

ባለቤትሽ ያለው ነገር መሠረት አለው። ኩፍኝ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ካልሆነ መኖር አይችልም። ከእንስሳ አይመጣም፣ አፈር ውስጥም አይቆይም። በልጅሽ ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ የማይያዝ ከሆነ በሽታው እሷ ጋ የሚደርስበት መንገድ የለውም። የጋራ መከላከያ የምንለው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ለዚህ ስንት ሰው መከተብ አለበት የሚለው ነው።

ኩፍኝ ላይ ቁጥሩ በጣም ከባድ ነው። ማንም ባልተከተበበት ቦታ አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። ያልተከተቡ 10 ሰዎች ከታማሚ ጋር በቅርብ ቢቀመጡ 9ኙ ይያዛሉ። ታማሚው ከሄደ በኋላ እንኳ ቫይረሱ አየሩ ላይ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በሐምሌ ዝናብ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሚኒባስ አስቢ። መስኮቱን ለመክፈት የሚደፍር የለም፤ «ዝጋው፣ ብርድ ነው!» ይባላል። አንዲት እናት የሚያስነጥስ ልጅ ይዛ ወረደች፤ አንቺ ልጅሽን ታቅፈሽ እሷ የለቀቀችው ወንበር ላይ ተቀመጥሽ። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ መተላለፍ ይጀምራል። ያቺ እናት ልጇን ጉንፋን ይዞታል ብላ ነው ይዛው የወጣችው። ምንም አላጠፋችም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ታማሚ 15 ሰው ያስይዛል ብለን እንያዝ። ከአካባቢው ሰው 90 በመቶው የማይያዝ ቢሆን ለበሽታው የሚተርፉት ከ15ቱ አንድ ተኩል ናቸው። አንዱ ከአንድ በላይ ሰው ካስያዘ ደግሞ በሽታው ቀስ እያለም ቢሆን ይስፋፋል። 95 በመቶ ስናደርሰው ግን አንዱ የሚያስይዘው ከአንድ ሰው በታች ይሆናል፤ ያኔ በሽታው ራሱ እየከሰመ ይሄዳል። ስለ ኩፍኝ ሲወራ ሁልጊዜ 95 የምትሰሚው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከመቶ ሰው አምስት ቦታ ብቻ ቀረ። እነዚያ አምስት ቦታዎች ባለቤት አላቸው። ዘጠኝ ወር ያልሞላው ሕፃን አለ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ አለ። ተከትቦም ክትባቱ ያልያዘለት አለ። እነዚህ ምርጫ የላቸውም። ጤነኛ ልጅ በወላጆቿ ውሳኔ ሳትከተብ ስትቀር ከነሱ ቦታ ላይ ነው የምትቀመጠው። ማን ይጎዳል ላልሽኝ መልሱ ይኸው ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ራሷ ትጎዳለች።

ክትባቱ ያልያዘለት ያልኩትን ላብራራው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በዘጠኝ ወር ከተከተቡ 100 ልጆች መካከል በደንብ የሚያዝላቸው 85 ያህሉ ናቸው። የነርሷ ጥፋት አይደለም፤ የመድኃኒቱም ጥራት ችግር አይደለም። ሕፃኑ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና ከደሙ ውስጥ ጨርሶ ስላልወጣና የራሱም አካል ገና ስለሆነ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ያሉ ልጆች አንድም ሳይቀር አንድ አንድ ጊዜ ቢከተቡ እንኳ 15ቱ ይቀራሉ፤ ያ ኩፍኝን አያቆምም። በአገራችን ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 ወር ሁለተኛ ዙር የተጨመረው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

ባለቤትሽ ጎረቤቶቻችሁን አንድ ነገር ይጠይቅልኝ፦ ልጆቻችሁ የ15 ወሩን ወስደዋል ወይ? እናቶች የሚጠፉብን እዚህ ጋ ነው። ዘጠኝ ወር ላይ ካርዱን አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ይከቱና «ተመስገን፣ ጨረስን!» ብለው ይሄዳሉ። ቀጥሎ እናት ሥራ ትመለሳለች፣ ልጁ ከሞግዚት ጋር ይውላል፣ ስድስት ወር ይነጉዳል። እኔ ካርድ ስሰጥ የ15 ወሩን ቀን በቀይ እስክሪብቶ አከብበዋለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ የሚቀር አለ።

«ግቢያችን» የሚለውም ነገር ያሳስበኛል። ከተማው በአማካይ ስንት እንደደረሰ ስለ አንድ ግቢ ምንም አይነግርሽም። ያልተከተቡ ልጆች ከተማው ላይ እኩል ተበትነው አይኖሩም። ጓደኛ ጓደኛዋን ትሰማለች፤ አንዷ ስትተው አጠገቧ ያለችውም ትተዋለች። ከአንድ ሰፈር አብረው የተነሱ ቤተሰቦች ቀጠሯቸው አብሮ ይዛነፋል። ጣሪያሽ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ደህና ቆርቆሮ ነው ብትባዪ ቀዳዳው ግን በልጅሽ አልጋ አናት ላይ ቢሆን ክረምቱን እንዴት ታድሪያለሽ? ደግሞ አራት ኪሎ ላይ ያለ ግቢ አጥር ቢኖረውም አይታጠርም። ሠራተኛዋ ከገጠር ዘመድ ጠይቃ ትመለሳለች፣ አክስት ከአውቶቡስ ተራ ወርዳ በቀጥታ ትመጣለች፣ ቅዳሜ ክርስትና አለ።

ስለዚህ ዘጠኝ ወሯ እንደሞላ ውሰጃት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ጠዋት ሂጂ። ለምን ጠዋት እንዳልኩ ልንገርሽ። የኩፍኝ ክትባት ደርቆ በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል፤ ከማሟሚያው ጋር እኛ እንበጠብጠዋለን። እኛ ጋ ያለው አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው 6 ሰዓት ብቻ ነው፣ እሱም ቅዝቃዜው ከተጠበቀ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከከፈትነው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቀረው ይጣላል። እንዳይረሳ የተከፈተበትን ሰዓት ብልቃጡ ላይ እንጽፋለን። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቦታ «ልጆች ይሰብሰቡና ሐሙስ ነይ» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚጣለው መድኃኒት ያንገበግባል፤ ሐሙስ ሳትመለስ የምትቀረዋ እናት ግን ከዚያ በላይ ታንገበግበኛለች። ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ መከፈት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ይኸው ነው። ምናልባት ሌላ ቀን ካሉሽ ቀኑን ካርዱ ላይ አስጽፊና በዚያው ቀን ተገኚ።

«ልጄ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። በኛ ጊዜ ኩፍኝ ያልወጣበት ልጅ አልነበረም። ቤቱን ጨለማ አድርገን፣ ከሰው ዓይን ሰውረን እናስታምም ነበር። ኩፍኝ መርፌ አይወድም ይሉን ነበር። አሁን ሁሉ ነገር መርፌ ሆነ። ታሞ የዳነ ልጅ አይጠነክርም ወይ?» — አያት፣ ከሠራተኛ ሰፈር

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለጻፉልኝ ደስ ብሎኛል። ኩፍኝ ይዞት የዳነ ልጅ ዳግመኛ አይይዘውም፤ ይህ እውነት ነው። የሚያስከፍለው ዋጋ ነው የሚያስፈራው። ኩፍኝ ሳንባ ምች ያስከትላል፣ ተቅማጥ ያስከትላል፣ ጆሮ ያመግላል፣ ዓይን ያጠፋል። ከ1,000 ታማሚ አንዱን ገደማ አንጎሉን ያቆስለዋል። ከእኩዮችዎ መካከል ስንቱ በኩፍኝ እንደቀረ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ይጠነክራል ስላሉትም፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኝቷል። ኩፍኝ የልጁ ሰውነት ቀድሞ ስለ ሌሎች በሽታዎች የተማረውን ያስረሳዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ያልተከተቡና በኩፍኝ የታመሙ ልጆችን ደም መርምሮ፣ ከበሽታው በፊት ከነበራቸው መከላከያ ውስጥ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነው ጠፍቶ አግኝቷል። ልጁ ከኩፍኙ ድኖ ከወራት በኋላ በሌላ በሽታ ሲወድቅ ሰው ከኩፍኙ ጋር አያያይዘውም።

ከሰው መሰወሩ ጥሩ ነበር እማማ፣ ዛሬም እሱኑ ነው የምንለው። ብርሃን ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ቤቱን ማደብዘዙም ልጁን ያሳርፈዋል። ከሐኪም መሰወሩን ግን ይተዉልኝ። ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ቫይታሚን ኤ በሁለት ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል፤ እሱም ዓይኑንና ነፍሱን ያተርፍለታል። በአፍ የሚጨመቅ ነው፣ መርፌ የለበትም።

ክንድዎ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ይኖር ይሆናል። ካለ ለልጅ ልጅዎ ያሳዩት፤ እሱ የፈንጣጣን አልተከተበም፣ መከተብም አላስፈለገውም። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው ኦጋዴን ውስጥ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ ገደማ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት ታመመ። በተፈጥሮ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከታቢዎቹ በየበረሃው በእግር እየሄዱ ታማሚውን ፈልገው፣ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ከትበው ነው ያጠፉት። ፈንጣጣ ፊት ላይ ስለሚታይና እንደ ኩፍኝ በፍጥነት ስለማይዛመት ተከታትሎ መድረስ ይቻል ነበር። ኩፍኝ ሽፍታው ታይቶ በሩ ስንደርስ ቀድሞን ሌላ ቤት ገብቷል። ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት ነው መከተብ ያለብን።

«የጎረቤታችን ልጅ የደም ካንሰር ተገኝቶበት ጥቁር አንበሳ ይታከማል። ከልጆቼ ጋር አንድ ደረጃ ነው የሚወጡት የሚወርዱት። እናቱ አንድ ቀን ‹ልጆችህ ክትባታቸውን ጨርሰዋል?› ስትለኝ ቅር አለኝ። ልጆቼን እንደ በሽታ ያየቻቸው መሰለኝ። እንዲያው ምን ማለቷ ነው? ልጆቼ ቢከተቡስ ክትባቱ ራሱ ወደሱ አይተላለፍም?» — አባት፣ ከልደታ ኮንዶሚኒየም

ወንድሜ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ልቤን የነካው ያንተ ነው። እባክህ አትቀየማት። እሷ ከአንተ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሱም በእጅህ ነው።

ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ካንሰሩን ሲመታ የመከላከያ ሴሎቹንም ይመታል። በሕክምና ላይ እያለ የኩፍኝ ክትባት አይሰጠውም፤ ክትባቱ የተዳከመም ቢሆን ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለሱ ሰውነት ይከብደዋል። ቀድሞ ተከትቦ ቢሆንም መድኃኒቱ የነበረውን መከላከያ ሊያሳጣው ይችላል። ኩፍኝ ቢይዘው አንዳንዴ ሽፍታው እንኳ አይወጣም። በቀጥታ ሳንባው ላይ ያርፋል፣ ሐኪሞቹም ምን እንደያዘው ለማወቅ ይቸገራሉ። ቸርችል ጎዳና ላይ ጭንብል አድርገው ከእናታቸው ጋር ታክሲ የሚጠብቁ ሕፃናት አይተህ ታውቅ ይሆናል። ያ ጭንብል ብቻውን ኩፍኝን አይመልስም።

ለዚህ ልጅ 95 በመቶ ማለት የአዲስ አበባ ቁጥር አይደለም። ያንተ ደረጃ ላይ ያሉት ልጆች ናቸው። እጅ መደገፊያውን የሚይዙት፣ ኳስ የሚያቀብሉት፣ በር ላይ ቆመው «ና እንጫወት» የሚሉት። የልጆችህ ክትባት የተሟላ ከሆነ ካርዳቸውን ይዘህ ውጣና አሳያት። ቡና ባለበት ሰዓት ሂድ፤ ሌሎቹም ጎረቤቶች ይኖራሉ፣ እነሱም ይስሙት። የጎደለ ካለ አሟላና ከዚያ ሂድ።

ክትባቱ ይተላለፋል ወይ ላልከው፣ የኩፍኝ ክትባት ከተከተበ ልጅ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። በሱ ምክንያት ልጆችህን እንዳታዘገይ። የፖሊዮ ጠብታ ግን ይለያል። የተዳከመው ቫይረስ ለተወሰነ ጊዜ በሰገራ ይወጣል። ጠብታ የሚወስድ ትንሽ ልጅ ካለህ እናትየዋ ለሐኪማቸው ትንገር፤ እነሱ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ይነግሯታል። እጅን በሳሙና መታጠብ ደግሞ ለሁላችሁም ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ከልጆችህ አንዱን ትኩሳትና ሽፍታ ከያዘው፣ ኩፍኝ መሆኑ እስኪረጋገጥ ሳትጠብቅ ያንኑ ዕለት ንገራት። ከልጁ ጋር ተገናኝተው ከነበረ ሆስፒታሉ ቶሎ ማወቅ አለበት፤ ሊረዱት የሚችሉት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሌሊት ቢሆንም በሯን አንኳኳ።

«ኬጂያችን 40 ልጆች አሉት። የክትባት ካርድ ስንጠይቅ ብዙዎቹ ወላጆች ‹ጠፋብን› ይላሉ። ሰፈራቸው ሲነሳ ዕቃ ሲያጓጉዙ የጠፋባቸውም አሉ። ካርድ ያላመጣውን ልጅ ማስወጣት አለብን?» — ርዕሰ መምህርት፣ ከካዛንቺስ

አታስወጡት። የተባረረ ልጅ ሳይከተብ ነው የሚሄደው፤ ሄዶም ሌላ ኬጂ ይገባል። እዚህ ግን በየቀኑ ጠዋት እናቱን በሩ ላይ ታገኟታላችሁ፤ ለኛ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም።

ከ40 ልጆች 95 በመቶ ማለት 38 ነው። እንግዲህ ሳይሸፈን ሊቀር የሚችለው ሁለት ልጅ ብቻ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ስማቸውን ጻፉና ከፊት ለፊቱ ለዘጠኝ ወሩና ለ15 ወሩ ምልክት አድርጉ። የ15 ወሩ ረድፍ ያስደነግጣችሁ ይሆናል። ካርድ የጠፋበትን ካልተከተበው ለዩ። ጤና ጣቢያዎች የክትባት መዝገብ አላቸው። እናትየዋ የት እንዳስከተበች ካስታወሰች በስሟና በልጁ የልደት ቀን ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል፤ ስሙ የእናት ይሁን የልጅ ደጋግማችሁ አስፈልጉ። ካልተገኘ እንደገና ይከተብ። ቀድሞ ተከትቦ ከነበረም አይጎዳውም። ከዚህ በፊት ምንም ላልወሰደ ልጅ ሁለቱ ዙሮች ቢያንስ አራት ሳምንት ተራርቀው ይሰጡታል።

ከካዛንቺስም ከፒያሳም ተነስተው ራቅ ወዳለ ቦታ የገቡ ወላጆች የድሮው ጤና ጣቢያ ብቻ የሚያገለግላቸው ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። አሁን ያሉበት ወረዳ ጤና ጣቢያ ይቀበላቸዋል። የወረዳችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ጥሯቸው። እናንተ ዘንድ ካለው ልጅ ሌላ፣ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ወር ያልሞላው ታናሽ እንዳለ ወላጆችን አስታውሱልኝ። ኩፍኝ ከክፍላችሁ ወጥቶ የሚገባው እሱ ጋ ነው።

ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ ከተገኘ ለጤና ጣቢያ ወዲያው ደውሉ፣ ልጁም ሽፍታው ከወጣ በኋላ 4 ቀን እስኪሞላ ቤቱ ይቆይ። መስኮቶቹን በብርድም ቢሆን ክፈቱ።

«ለኮሮና ሁለቴ ተከተብኩ። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ያዘኝ። ታዲያ የጋራ መከላከያ የምትሉት የት ገባ?» — ወጣት፣ ከፒያሳ

ኮሮና ላይ እንደ ኩፍኝ አልሠራም፤ ጥርጣሬህ ተገቢ ነው። ቫይረሱ መልኩን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፤ እንዳይይዝ የሚከላከለው አቅምም በወራት ውስጥ ይቀንሳል። ክትባቱ በተለይ አረጋውያንን ከከባድ ሕመምና ከሞት አድኗል፤ መተላለፉን ግን ለዘለቄታው ሊዘጋው አልቻለም። ኩፍኝ ላይ ዛሬም የምንጠቀመው ክትባት በአብዛኛው የተገኘው በ1954 እ.ኤ.አ. ከአንድ ታማሚ ልጅ ከተወሰደ ቫይረስ ነው። እስካሁን ይሠራል። በኮሮና ተስፋ የቆረጠ ሰው ለልጁ የኩፍኝ ክትባት ላይ እንዲፈርድ አልፈልግም፤ አንተም ለጓደኞችህ ይህን ንገርልኝ።

«ልጄ የፖሊዮ ክትባቷን ጨርሳለች። ዘመቻ በመጣ ቁጥር ግን በር አንኳኩተው ጠብታ ያደርጉላትና ጣቷን ይቀቧታል። ‹ወስዳለች› ብላቸው አይሰሙኝም። ለምን?» — እናት፣ ከገዳም ሰፈር

ምክንያቱም ፖሊዮ ተደብቆ ነው የሚሄደው። ቫይረሱ ከገባባቸው 200 ልጆች እግሩ የሚሽመደመደው አንድ ያህሉ ነው። የቀሩት ወይ ምንም አይሆኑም፣ ወይ ትንሽ ትኩሳት ይኖራቸዋል፤ ግን በሰገራቸው ያስተላልፋሉ። አንድ ሽባ የሆነ ልጅ ሲገኝ በሽታው መቶዎቹን አዳርሶ ነው የታየው። ስለዚህ በዘመቻ ካርድ እያዩ መምረጥ አይቻልም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሁሉም ልጅ አንጀት መሸፈን አለበት። መርፌው ልጅሽን ከሽባነት ይከላከላል፤ ጠብታው ደግሞ ቫይረሱ አንጀቷ ውስጥ እንዳይራባና ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር ያደርጋል። ደጋግማ ብትወስደው አይጎዳትም።

በአገራችን የተፈጥሮው ፖሊዮ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የታየው ሌላ ዓይነት ነው፤ ብዙ ልጅ ባልተከተበበት አካባቢ ከጠብታው የወጣው የተዳከመ ቫይረስ ለረጅም ጊዜ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር ቆይቶ ጉልበቱን ይመልሳል። ሁሉም በተከተበበት ቦታ የሚዞርበት ልጅ አያገኝም። ያቺ በራፍሽ ላይ የቆመችው ልጅ ማቀዝቀዣ ሳጥን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ከጠዋት ጀምሮ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ነው የዋለችው። ውሃ ስጪያት፣ የልጅሽንም ጣት አስቀቢ።

«ለገሃር አካባቢ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። ትናንት የዛገ ሚስማር እግሬን ወጋኝ። ጓደኞቼ ‹ዛሬ ሁሉም ሰው ተከትቧል፣ ቴታነስ ጠፍቷል› ይሉኛል። እውነት ነው?» — የቀን ሠራተኛ

እውነት አይደለም። ቴታነስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ዘሩ አፈር ውስጥና በከብት ፋንድያ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። በዙሪያህ ያለው ሰው ሁሉ ቢከተብ ላንተ አንዳች አይጠቅምህም፤ እዚህ ላይ የሚጠብቅህ የራስህ ክትባት ብቻ ነው። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠበው፣ ጥብቅ አድርገህ አትሸፍነው፣ ይህን እንዳነበብክ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ። መቼ እንደተወጋህና ከዚህ በፊት የቴታነስ ክትባት ወስደህ እንደሆነ ንገራቸው። ካላስታወስክ «አላስታውስም» በል፤ እንዳልተከተብክ ቆጥረው ነው የሚረዱህ። ለቀጣዩ ዙር ሲቀጥሩህም አትቅር።